ሞጣን ከቢቸና ያልለየች ጨረቃ፦ አንትዋን ዳባዲ (1810–1897) እና የጎጃም ቅየሳ

ሞጣ በ11 ዲግሪ ከ5 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስና በ37 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ምሥራቅ ኬንትሮስ አካባቢ ትገኛለች። ቢቸና ደግሞ በ10 ዲግሪ ከ27 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስና በ38 ዲግሪ ከ12 ደቂቃ ምሥራቅ ኬንትሮስ አካባቢ ናት። በደብረ ወርቅ በኩል የሚያገናኛቸውን መንገድ ትቶ በቀጥታ ለሚለካ ሰው በሁለቱ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቢቸና ወደ ምሥራቅ ስለምታመዝን ቀትር ከሞጣ ቀድሞ ይደርሳታል፤ የሚቀድመውም በ80 ሰከንድ ብቻ ነው። ዛሬ ይህን ልዩነት ማንም በእጅ ስልኩ ሊያሰላው ይችላል። በ1840ዎቹ ግን ያችን 80 ሰከንድ በእርግጠኝነት ማወቅ ከጥቂት ሰዎች በቀር የማይደፍሩት ሥራ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ባለ ታሪክ አንትዋን ዳባዲ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ነው። ማንም ያልቀጠረው፣ ከማንም ደመወዝ ያልተቀበለ፣ በውርስ ባገኘው ሀብት የሚንቀሳቀስ የሥነ ፈለክ አፍቃሪ ነበር። በኢትዮጵያ ጥናት ውስጥ ስሙ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በብራና ስብስቡና በ1881 ባሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። ከጨረቃ ጋር የነበረው የረጅም ዘመን ጉዳይ እምብዛም አይወሳም። ይሁን እንጂ በጎጃም ተራሮች ላይ የሠራውን ሥራ፣ ኋላም የገጠመውን ክስና በእርጅናው የቆፈረውን ጉድጓድ በአንድ ክር የሚያያይዛቸው ይኸው ጉዳይ ነው። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከደብሊን ወደ ጎንደር

ዳባዲ ጃንዋሪ 3 ቀን 1810 በአየርላንድ በደብሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ወደ አየርላንድ የተሰደደ የባስክ ተወላጅ፣ እናቱ ደግሞ አየርላንዳዊት ነበረች። ቤተሰቡ በኋላ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ፤ ልጁም ትምህርቱን በቱሉዝና በፓሪስ ተከታተለ። ገና ወጣት ሳለ ወደ አፍሪካ ውስጠኛ ክፍል የመሄድ ሐሳብ አድሮበት ነበር። በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ፣ በታላቁ የሥነ ፈለክ ሊቅ በፍራንሷ አራጎ አሳሳቢነት፣ የማግኔት መርፌን የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ እንዲመለከት ወደ ብራዚል ላከው። ይህ ተልእኮ ለዳባዲ እንደ ልምምድ የሚቆጠር ነው፤ ሙቀትና ብቸኝነት ባለበት አገር መሣሪያን ጠብቆ፣ ሌሊትና ቀን ቁጥር መመዝገብን አስተምሮታል።

በፌብሩዋሪ 1838 ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር ምፅዋ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ጎንደር ገባ። ብዙም ሳይቆይ ግን አርኖን እዚያው ትቶ ተጨማሪ መሣሪያ ለማምጣት ወደ አውሮፓ ተመለሰ። አርኖ በመኳንንቱ ዘንድ ወዳጅነትን ሲያፈራ፣ በተለይም ከጎጃሙ ከደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጋር ሲቀራረብ፣ አንትዋን የሚያስበው ስለ ቴዎዶላይትና ስለ ክሮኖሜትር ነበር። በ1840 ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ተመለሰ፤ ነገር ግን ዓይኑን ክፉኛ ታመመና ለረጅም ጊዜ ወደ ደጋው መውጣት አልቻለም። ኑሮው በዓይኑ ላይ የተመሠረተ ሰው ለዕውርነት የተቃረበበት ይህ ወቅት በሕይወት ታሪኩ ውስጥ በአጭሩ የሚታለፍ ቢሆንም፣ በኋላ ሥራውን ሁሉ በጥድፊያና በጥንቃቄ እንዲሠራ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሳይሆን አይቀርም። በ1842 እንደገና ጎንደር ደረሰ። ከ1843 ጀምሮ በጎጃም አድርጎ ዓባይን ወደ ደቡብ እየተሻገረ እስከ እናርያ ዘለቀ።

ጨረቃ እንደ ሰዓት

የዳባዲን ችግር ለመረዳት በኬክሮስና በኬንትሮስ መካከል ያለውን የአስቸጋሪነት ልዩነት ማስተዋል ያስፈልጋል። የኬክሮስ ነገር ይቀላል። ቀትር ላይ የፀሐይን፣ ሌሊት ደግሞ የአንድ የታወቀ ኮከብን ከፍታ መለካት ይበቃል። በተራራማ አገር የባሕር አድማስ ስለማይገኝ የዘመኑ ተጓዥ በሳሕን ላይ ባዜቃ (ሜርኩሪ) ያፈስና በዚያ ፈሳሽ መስተዋት ውስጥ የሚታየውን ምስል ከሰማዩ ኮከብ ጋር ያነጻጽራል። ባዜቃ ማንም ሳያስተካክለው በራሱ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚረጋ እንደ አድማስ ያገለግላል። በዚህ መንገድ የሚገኝ ኬክሮስ ከአንድ የማዕዘን ደቂቃ በታች፣ ማለትም ከ2 ኪሎ ሜትር ባነሰ ስሕተት ሊታወቅ ይችላል።

ኬንትሮስ ግን የጊዜ ልዩነት ነው። በቆመበት ስፍራ ስንት ሰዓት እንደሆነና በዚያችው ቅጽበት በፓሪስ ስንት ሰዓት እንደሆነ የማያውቅ ተጓዥ ኬንትሮሱን አያውቅም። የፓሪስን ሰዓት በክሮኖሜትር ይዞ መጓዝ በመርከብ ላይ የሚሆን ነገር ነው። በበቅሎ ጀርባ ተጭኖ የዓባይን ሸለቆ የወረደና የወጣ ሰዓት ግን ቀኑን ሙሉ ሲንገላታ ይውላል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ 80 ሰከንድ ቢዘገይ ወይም ቢቀድም ማንንም አያስደንቅም። ያን ጊዜ ቢቸናና ሞጣ በካርታው ላይ አንድ ኬንትሮስ ላይ ይወድቃሉ፤ ወይም ቦታቸውን ይለዋወጣሉ።

ጨረቃ የምታስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ጨረቃ በከዋክብት መካከል በሰዓት 33 የማዕዘን ደቂቃ ያህል፣ ማለትም ከራሷ ስፋት ጥቂት የሚበልጥ መንገድ ወደ ምሥራቅ ትጓዛለች። ስለዚህ ከአንድ ኮከብ ያላት ርቀት በየቅጽበቱ ይለዋወጣል። የፓሪስና የሎንዶን የሥነ ፈለክ ሠንጠረዦች ይህን ርቀት አስቀድመው አስልተው ያትሙት ነበር። ተጓዡ ርቀቱን በሴክስታንት ለክቶ፣ የከባቢ አየርን ማጠፍና የምድርን ስፋት አስልቶ፣ የፓሪስን ሰዓት ከሰማይ ያነባል። መርከበኞች ከ18ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ የተገለገሉበት ዘዴ ነው።

የዘዴው ድካም በስሌቱ ርዝመት ብቻ አያበቃም። ርቀቱን ሲለካ በአንድ የማዕዘን ደቂቃ የተሳሳተ ሰው በጊዜ ወደ 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ይሳሳታል፤ ይህም በኬንትሮስ 27 የማዕዘን ደቂቃ፣ በጎጃም ምድር ላይ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሞጣና በቢቸና መካከል ያለው የኬንትሮስ ልዩነት ግን 20 ደቂቃ ብቻ ነው። እጁ ትንሽ የተንቀጠቀጠበት ለኪ በጨረቃ ብቻ ተመርቶ ሞጣን ከቢቸና ምሥራቅ ሊያስቀምጣት ይችላል።

ከለኪው እጅ ሌላ የጨረቃም የራሷ አመል ነበር። በ1840ዎቹ ሥራ ላይ የነበሩት የቡርክሃርት ሠንጠረዦች ጨረቃ ትገኝበታለች ያሉት ስፍራና በእርግጥ የምትገኝበት ስፍራ ብዙ ጊዜ አይገጥምም ነበር። በሠንጠረዡ ላይ የ10 የማዕዘን ሰከንድ ስሕተት ቢኖር በኬንትሮስ ላይ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የሀንሰን የተሻሉ ሠንጠረዦች የታተሙት በ1857 ነው፤ ከዚያም በኋላ ጨረቃ ከስሌት ማፈንገጧን አልተወችም። ፈረንሳዊው ደሎኔ በ1865 የዚህን አመል ከፊል ምክንያት ከምድር ዘንድ ፈለገው። ጨረቃ የምታስነሣው የባሕር ሙላትና ጉድለት የምድርን መሽከርከር ቀስ በቀስ ስለሚያዘገየው፣ ቀኑ ራሱ ይረዝማል ሲል አቀረበ። በሌላ አነጋገር የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ጨረቃን የለኩበት ሰዓት፣ ማለትም ምድር፣ ራሷ የምትዘገይ ሆና ተገኘች። ዳባዲ በጎጃም ሳለ ይህ ሁሉ ገና አልታወቀም ነበር፤ ሠንጠረዡን ሙሉ በሙሉ ማመን እንደማይገባ ግን የዘመኑ ለኪዎች ያውቁ ነበር።

ከጨረቃ ዘዴዎች ይበልጥ የሚታመነው ጨረቃ ኮከብን የምትሸፍንበትን ቅጽበት መመዝገብ ነው። ጨረቃ ይህ ነው የሚባል አየር ስለሌላት ኮከቡ ቀስ እያለ አይደበዝዝም፤ በአንድ ቅጽበት ድርግም ብሎ ይጠፋል። ለዚህ ማዕዘን መለካት አያስፈልግም፤ ቴሌስኮፕ፣ የቦታውን ሰዓት በትክክል ማወቅና ንቁ ዓይን ይበቃሉ። ሠንጠረዡም ቢሳሳት፣ በአውሮፓ ምልከታ ጣቢያዎች በዚያው ሰሞን የተደረገ ምልከታ በኋላ ሊያርመው ይችላል። እንቅፋቱ አጋጣሚው ጥቂት መሆኑ ነው። ክረምቱ በጎጃም ሰማይ ላይ ደመናውን ሲዘረጋ ደግሞ ጥቂቱም ይቀራል። የጨረቃ ግርዶሽ በበኩሉ በብዙ አገር በአንድ ጊዜ የሚታይ ቢሆንም የምድር ጥላ ጠርዝ የደበዘዘ በመሆኑ መቼ እንደ ጀመረ ሁለት ተመልካቾች እንኳ አይስማሙም።

የጮቄ ምስክርነት

ዳባዲ ከዚህ ችግር የወጣበት መንገድ በሕይወቱ ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ የላቀ ነው ማለት ይቻላል። ጨረቃን በጥቂት ቦታዎች ብቻ እንድትመሰክር ተዋት፤ የቀረውን አገር በተራሮች አያያዘው። በደረሰበት ከፍታ ሁሉ ቴዎዶላይቱን ተክሎ አድማሱን ዙሪያውን ይዞር ነበር። ለሚታየው ጫፍ ሁሉ አቅጣጫውንና ከፍታውን ይመዘግባል፤ የሰሜንን አቅጣጫ ከፀሐይ ያገኛል፤ ስሙንም ከአገሬው ሰው ጠይቆ ይጽፋል። ዘዴውን ፈጣን ቅየሳ ብሎ ሰየመው። መደበኛው የሦስት ማዕዘን ቅየሳ በሜዳ ላይ በጥንቃቄ የተለካ መነሻ መስመር፣ በየተራራው የሚተከል ምልክት፣ ብዙ ሠራተኛና ሰላም የሰፈነበት አገር ይፈልጋል። ጎጃም በዚያን ዘመን ሰላም አልነበራትም፤ ደጃዝማች ጎሹ ከልጁ ከብሩ ጋርም ሆነ ከየጁው ከራስ ዓሊ ጋር ያለው ግንኙነት ዛሬ ዕርቅ ነገ ጦርነት ነበር። በአንድ ተራራ ላይ ሁለት ቀን መቆየት ለማይፈቀድለት ለኪ የሚሆን ዘዴ ያስፈልግ ነበር።

የዘዴው ፍሬ ነገር ይህ ነው። የሁለት ስፍራዎች ኬክሮስ ከታወቀና አንዱ ከሌላው በየትኛው አቅጣጫ እንደሚገኝ ከተለካ፣ የኬንትሮሳቸው ልዩነት ያለ ምንም ሰዓት በስሌት ይገኛል። ሞጣ ከቢቸና በ38 የማዕዘን ደቂቃ ወደ ሰሜን ትርቃለች፤ አቅጣጫዋም ከሰሜን 27 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ነው። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች የ20 ደቂቃው የኬንትሮስ ልዩነት በቀጥታ ይወጣል። በኬክሮሱ ላይ የአንድ ደቂቃ ስሕተት ቢኖር በኬንትሮሱ ላይ የሚያስከትለው የግማሽ ደቂቃ፣ ማለትም የአንድ ኪሎ ሜትር ያህል ስሕተት ነው። ያው የአንድ ደቂቃ ስሕተት በጨረቃ ዘዴ 50 ኪሎ ሜትር ያስከፍል እንደነበር ላስታወሰ አንባቢ የዘዴው ብልጫ ግልጽ ነው።

ሞጣና ቢቸና እርስ በርስ አይተያዩም፤ ስለዚህ አስታራቂ ያስፈልጋቸዋል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጮቄ ከሞጣ በስተደቡብ፣ ከቢቸና ግን በስተምዕራብ ይገኛል። ከሁለት በኩል በእንዲህ ያለ ማዕዘን የሚታይ ተራራ ለቃያሽ የተመቸ ነው፤ ሁለቱ የአቅጣጫ መስመሮች በጠባቡ ሳይሆን በሰፊው ይቋረጣሉና። የጮቄን ጅረቶች ለሚቆጥሩ የውኃ ባለሙያዎች ተራራው የወንዞች እናት ነው። ለዳባዲ ዓይነቱ ሰው ደግሞ ከጨረቃ ይልቅ የሚታመን፣ ቦታውን የማይለቅ ምስክር ነው። ዘዴው ደካማ ጎንም አለው፤ ሁለቱ ስፍራዎች በምሥራቅና በምዕራብ ትይዩ ከሆኑ የኬክሮስ ልዩነታቸው ስለሚያንስ ስሌቱ ይላላል። ዳባዲ ይህን በሰንሰለት ይፈታው ነበር፤ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላ ጫፍ እየተሻገረ፣ አንዱን ተራራ ከብዙ ስፍራ እየለካ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችን አያይዟል።

ሥራው በመጽሐፍ የወጣው ከአገሩ ከተመለሰ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የኢትዮጵያ የቅየሳ ሥራውን የያዘው ትልቅ መጽሐፍ በ1873 ተጠናቀቀ። ስሌቶቹን ያረጋገጠውና ያዘጋጀው ሩዶልፍ ራዶ የተባለ በፓሪስ የሚኖር የፕሩሲያ ተወላጅ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር። ይህ ሰው በኋላ ዘመኑን የጨረቃን እንቅስቃሴ በማስላት አሳልፎ በደሎኔ ንድፈ ሐሳብ ላይ የተመሠረቱ የጨረቃ ሠንጠረዦችን በ1911 ማሳተሙ እንዲያው የሚታለፍ አይደለም። የኢትዮጵያን ደጋ ያለ ጨረቃ ያስተካከለው እጅ በመጨረሻ ራሷን ጨረቃን ለማስተካከል ተነሣ።

ሌላው የጨረቃ ቁጥር

ዳባዲ ጨረቃን በቴሌስኮፕ በሚከታተልበት አገር ጨረቃ ሳትታይም ትቆጠር ነበር። ከቢቸና ብዙ በማይርቁት በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ወርቅ፣ እንደ ሌሎቹ የጎጃም ደብሮችና ገዳማት ሁሉ፣ ሊቃውንቱ የጨረቃን ዕድሜ በባሕረ ሐሳብ ያወጣሉ። የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት በ11 ቀን ስለሚበልጥ አበቅቴ በየዓመቱ በ11 ያድጋል፤ መጥቅዕ በ19፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። በ19 ዓመት ውስጥ 235 የጨረቃ ወራት ተፈጽመው ቁጥሩ ወደ መነሻው ይመለሳል። ደመና አያግደውም፣ መሣሪያ አይፈልግም፤ በቃል ይማሩታል፣ በጣት አንጓ ይቆጥሩታል።

ይህ ሥርዓት የሰማይን ጨረቃ እስከ ሰከንድ ለመከተል የተበጀ አይደለም፤ በዓላትና አጽዋማት በአንድነት እንዲውሉ የተበጀ ነው። በ19 ዓመቱ ዑደትና በእውነተኛዎቹ 235 ወራት መካከል አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ልዩነት አለ፤ ይህም በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሆናል። የተቆጠረችው ጨረቃ ከታየችው ጨረቃ በአራትና በአምስት ቀን ወደ ኋላ የቀረችው ስለዚህ ነው። ዳባዲ ይህን እንደ ድንቁርና ቆጥሮ አላለፈውም። የባሕረ ሐሳብ ጽሑፎችንና በርካታ የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎችን ሰብስቧል። ሄኖክ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ባለው ክፍል ፀሐይና ጨረቃ በምሥራቅ ባሉ ስድስት በሮች ወጥተው በምዕራብ ባሉ ስድስት በሮች እንዴት እንደሚገቡ ይዘረዝራል። ዳባዲ በ1859 ያሳተመው ዝርዝር 234 የኢትዮጵያ ብራናዎችን ይገልጻል።

ስብስቡ ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ሳይንሳዊ ጠቀሜታው የማይካድ ነው፤ የሄኖክን ጽሑፍ ካዘጋጁ ምሁራን መካከል በዳባዲ ቅጂዎች የተጠቀሙ አሉ። ይሁንና የዲማ ወይም የሞጣ ተማሪ የአያቶቹን የጨረቃ ሠንጠረዥ ለማየት ፓሪስን መጠየቁ የዚሁ ታሪክ አካል ነው። በዳባዲ የቅየሳ መጽሐፍ ውስጥ የተራሮቹ ስም በጥንቃቄ ሰፍሯል። ስሙን የነገሩት፣ መንገዱን የመሩትና መሣሪያውን የተሸከሙት ሰዎች ግን የተራሮቹን ያህል ቦታ አላገኙም።

የቤክ ክስ

ዳባዲ በጎጃም ብቸኛው ለኪ አልነበረም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ከ1841 እስከ 1843 በጎጃም ተቀምጦ ነበር። አብዛኛውን ጊዜውን ያሳለፈው በባሶ፣ በዛሬዋ የጁቤ፣ በወቅቱ አጠራር በየውሽ ገበያ ነው። ከዓባይ ማዶ የሚመጡ ነጋዴዎችን እየጠየቀ ስለ ደቡቡ አገር ብዙ ዕውቀት ሰበሰበ፤ ራሱ ግን ወደዚያ አልተሻገረም። ዳባዲ በ1843 መጨረሻ፣ የእናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ሙሽራ ለማምጣት ወደ ከፋ የላካቸውን መልእክተኞች ተከትሎ ቦንጋ ድረስ መሄዱን ባስታወቀ ጊዜ ቤክ አላመነም። ከዳባዲ ደብዳቤዎች ውስጥ የቀንና የርቀት አለመጣጣሞችን እየለቀመ ጉዞው ጨርሶ እንዳልተደረገ የሚከስ ጽሑፍ በ1850 አሳተመ። የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ለዳባዲ ወንድማማቾች የወርቅ ሜዳልያ ሲሸልም፣ ቤክ ከዚሁ ማኅበር ቀደም ብሎ የተቀበለውን ሜዳልያ መለሰ።

ክሱ ከባድ ነበር። ተጓዥ ከቃሉ በቀር ምስክር የለውም፤ ቃሉ ከታጣ ሥራው ሁሉ ይታጣል። የዳባዲ መከላከያ በመጨረሻ የሆኑለት የማዕዘን መዝገቦቹ ናቸው። ከአንድ ተራራ የተለካ አቅጣጫ ከሌላ ተራራ ከተለካው ጋር መግጠም አለበት፤ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱን ይፈትናል። አንድ ሰው በክፍሉ ተቀምጦ አንድ ኬክሮስ ሊፈጥር ይችላል። እርስ በርሳቸው የሚተሳሰሩ የብዙ ተራሮች ማዕዘኖችን ፈጥሮ፣ ከዓመታት በኋላ በሌላ ሰው ስሌት እንዲገጣጠሙ ማድረግ ግን ከመጓዝ የከበደ ሥራ ነው። በኋለኛው ዘመን ጥናት ዳባዲ ወደ ከፋ መድረሱ ተቀባይነት አግኝቷል።

ነገር ግን በሌላው ጉዳይ ቤክ ትክክል ነበር። ዳባዲ በጃንዋሪ 1846 ከወንድሙ ጋር የጊቤን ምንጭ አግኝቶ የነጭ ዓባይ ዋና ምንጭ ይኸው ነው አለ። ጊቤ ወደ ኦሞ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ እንጂ ወደ ዓባይ አይሄድም። ስሕተቱ የመሣሪያ አልነበረም። ምንጩን ለክቷል፤ የወንዙን የታችኛ ጉዞ ግን አላየም፣ ከሰዎች ወሬና ከራሱ ምኞት ሞላው። ሞጣን ከቢቸና ለመለየት ጨረቃን እንኳ ያላመነ ሰው የታላቁን ወንዝ ምንጭ ለማግኘት ያን ያህል ቸኩሎ ማመኑ በታሪኩ ውስጥ እጅግ ሰዋዊ ሆኖ የሚታይ ስፍራ ነው።

ቱንቢውን የምትስብ ጨረቃ

በ1848 መጨረሻ ኢትዮጵያን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ የሹመትና የክብር ነው፤ በ1867 የሳይንስ አካዳሚ አባል፣ በ1892 ደግሞ ፕሬዝዳንት ሆነ። ጨረቃን መከተል ግን አልተወም። በ1851 ጨረቃ ፀሐይን ስትጋርድ ለማየት ኖርዌይ፣ በ1860 ደግሞ ስፔን ሄደ። በ1882 ዝሁራ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለመመልከት በ72 ዓመት ዕድሜው ወደ ሄይቲ ተሻገረ።

በፈረንሳይና በስፔን ድንበር፣ በኦንዳይ አጠገብ፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ፊት ለፊት በ1860ዎቹና በ1870ዎቹ ያሠራው ግንብ ግማሹ ቤት ግማሹ የምልከታ ጣቢያ ነበር። በአዳራሾቹ ግድግዳ ላይ የኢትዮጵያ ሥዕሎችና የግዕዝ ፊደል ይታያሉ። በዚያ ያሠራው እንግዳው መሣሪያ ከወለሉ በታች የሚወርድ፣ በጠቅላላው 10 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ነበር። ከታች ባዜቃ ተደርጓል፤ ከላይ ደግሞ የሚያጎላ መነጽር። ተመልካቹ ከላይ የሚያበራው ምልክት በባዜቃው ላይ ተንጸባርቆ በትክክል ወደ ነበረበት መመለሱን ይለካል። የባዜቃው ፊት ሁልጊዜ ለስበት ቀጥ ያለ በመሆኑ ምስሉ ከቦታው ቢዛነፍ ግንበኛ የሚያምነው ቱንቢ፣ ማለትም ቁልቁል የሚባለው አቅጣጫ ራሱ ተዛንፏል ማለት ነው።

የዳባዲ ጥያቄ ይህ ነበር። ጨረቃ ባሕርን ከፍና ዝቅ ካደረገች፣ ከግንቡ ሥር የሚሞላውና የሚጎድለው ውኃ ቱንቢውን ወደ ራሱ አይስበውምን? በጎጃም የለካቸው ኬክሮሶች ሁሉ ቁልቁል የሚባለው አቅጣጫ አይለወጥም በሚል እምነት ላይ የቆሙ በመሆናቸው ጥያቄው ለእርሱ የቅንጦት አልነበረም። ለዓመታት ከተደረጉት ምልከታዎች አብዛኞቹ ከባሕሩ ሙላትና ጉድለት ጋር የሚስማማ መዛነፍ አሳዩ፤ ሌሎቹ ግን ምንም አላሳዩም፣ አንዳንዶቹም ተቃራኒውን አሳዩ። የማይገጥሙትን ደብቆ የሚገጥሙትን ብቻ አላሳተመም። ጆርጅና ሆራስ ዳርዊን በ1881 ጨረቃ በስበት አቅጣጫ ላይ የምታደርሰውን ለውጥ በኬምብሪጅ ለመለካት ሲሞክሩ ከቀደሟቸው ሥራዎች መካከል የዳባዲን ጠቅሰዋል። እነርሱም የጨረቃን ድርሻ ከምድር ቅርፊት ዘወትራዊ መንቀጥቀጥ ለይተው ማውጣት አልቻሉም።

በዚያው ግንብ ሌላም ሙከራ ነበር። ሩቅ የሆነውን የላሩን ተራራ ጫፍ ከውስጥ ለማየትና አየር ብርሃንን እንዴት እንደሚያጥፍ ለመለካት የበርካታ ክፍሎችን ግድግዳ አሰልፎ አስበሳ። ሙከራው ውጤት አላስገኘም፤ ቀዳዳው ግን አልተደፈነም።

ዳባዲ ልጅ አልነበረውም። ግንቡንና ሀብቱን በዘመኑ መጨረሻ ለሳይንስ አካዳሚ ሲያወርስ በ50 ዓመት ውስጥ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት ዝርዝር እንዲዘጋጅ ግዴታ አኖረ። በማርች 19 ቀን 1897 በፓሪስ ዐረፈ። የኦሞ ወንዝ ወደ ቱርካና እንደሚገባ በ1896 ያረጋገጠው ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ በምዕራብ ኢትዮጵያ የተገደለው ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነበር። የዳባዲ አስከሬን በግንቡ ጸሎት ቤት ሥር ተቀበረ። በግንቡ የምልከታ ክፍል ካህናት በየምሽቱ ከዋክብት ሲያልፉ መመዝገብ ቀጠሉ፤ ምልከታውም እስከ 1975 ድረስ ዘለቀ።